በጥላው በኩል የቆሙት

ለምወድህ ወንድሜ ለፍሪድሊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? መሰላል መውጣት እንደተከለከልክ ጽፈህልኝ ነበር፤ መከልከልህን እንጂ መታዘዝህን ግን አልጻፍክም። ሚስትህ ጆይስስ ሳሉ ለቀቃት? ልጆችህ፣ ያኮብ ከነቤተሰቡና ኡርሱላ፣ ላሞቹም ጭምር እንደምን ከረሙ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሚጠበቀው በላይ ደህና ነኝ። መነጽሬን ቀይሬያለሁ፤ እጄም እንደምታየው ከመስመር አይወጣም። በረዶው ከላይኛው መንደር ለቅቋል፣ የቼሪው ዛፍም አብቧል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባልዝ ኩብሊ ሞቷል። ይህን ስታነብ ወረቀቱን አስቀምጠህ ወደ ጋጣው እንደምትወጣ አውቃለሁ። ውጣና ተመልሰህ ጨርሰው፤ ግድቡ ስለተወሰነበት የሸንጎ ቀን እስካሁን የማታውቀው ነገር አለ።

በቅደም ተከተል ልንገርህ። የእኛን አገር ልማድ አልረሳኸውም፤ ሰው ሲቀበር ፓስተሩ ከመስበኩ በፊት የሟቹ የሕይወት ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ባልዝ የእሱን እኔ እንድጽፈው አደራ ብሎኝ ነበር። ጥር ላይ መጥቶ ምድጃዬ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱንም አላወለቀም። ዋና ከተማችን በርን ሄዶ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ እንኳ እኔ ፊት ሲቀመጥ እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርግ ነበር። ሁለታችሁንም በአንድ ክፍል ያስተማርኩ እኔ ነኝና አልገረመኝም።

አብዛኛውን ታሪኩን መጻፍ አላስቸገረኝም። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ልጅ፤ ቃል የማያበዛ፣ በሒሳብ ፈጣን። ሕግ ተማረ፣ የመንደራችንን ምክር ቤት መራ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ የካንቶናችን፣ የግዛታችን፣ አስተዳዳሪ ሆነ። ከዚያም በርን። ለሚኒስትርነት ሲመረጥ ደወል ደውለን ጣቢያው ድረስ ወጥተን እንደተቀበልነው ጽፌልህ ነበር፤ አንተም ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልሰጠህም። ከጎረቤት አገሮች ጋር ስለ ባቡር ዋሻው የተደረገውን ረጅም ድርድር እስከ መጨረሻው የያዘው እሱ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ከራሷ በላይ እንዲሰቅልላት ጠየቀችው፤ ሰቀለላትና ስትወርድም አወረደላት፤ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ሄደች።

ያስቸገረኝ አንድ አንቀጽ ነው፤ የዚያ የሸንጎ ቀን። የአስተዳዳሪነቱ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። አደባባዩ ላይ የሹመቱን ሰይፍ ተደግፎ ቆሞ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ግድቡ የድምፅ ካርዱን ሲያነሳ፣ እንደ ደንባችን የትኛው ወገን እንደሚበዛ በዓይኑ ገመተ። ሁለት ጊዜ አስነሳን። ከዚያም ግድቡ አሸነፈ አለ፤ ሸንጎው የወሰነው አይመለስምና የአባታችን የተራራ ግጦሽ ውኃ በላው። አንተ የገዛ ጓደኛዬ ለመብራት ኩባንያው ሸጠኝ ብለህ በዓመቱ አገሩን ለቀህ ሄድክ። ሸለቆው ደግሞ ሌላ ታሪክ አበጀ። ያን የመሰለ ተቀራራቢ ድምፅ ሳያመነታ የለየ ሰው የለም ተባለ፤ «ባልዝ ዓይን አለው» ማለት ተለመደ። በርን ያደረሰውም ይህ ስም ነው።

ጥር ላይ የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ሲሄድ ወዲያው መዝግቤዋለሁ።

«ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች። በጥላው በኩል በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር የቆሙትን አላየኋቸውም። አራቱን የምክር ቤት ባልደረቦች አብረውኝ እንዲገምቱ ወደ መድረኩ መጥራት ነበረብኝ። ገና ጀማሪ ነው፣ መቁጠር አቃተው ብለው ይስቁብኛል ብዬ አልጠራሁም። ግድቡ አሸንፎ ይሆናል፣ ተሸንፎም ይሆናል። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ።»

በግንቡ ሥር ሁልጊዜ የሚቆመው ማን እንደሆነ ላንተ መንገር አያሻኝም። የላይኛው መንደር ሰዎች፣ ግድቡን የተቃወምነው እኛ ነን።

ታዲያ ለፍሪድሊ ለምን አልጻፍክለትም አልኩት። «ተሸጥኩ ብሎ ሲያስብ ቢያንስ ገዢ ነበረ ይላል። ግጦሹ በከንቱ መጥፋቱን ቢያውቅ ይብስበታል ብዬ» አለኝ። ይህ ጥሩ ምክንያት እንዳልሆነ ነገርኩት። አውቃለሁ አለ። በቀብሬ ቀን ይነበብልኝ ብሎ ቃል አስገባኝ። እኔም ገባሁ።

ባልዝ መጋቢት ማለቂያ ላይ ሞተ። ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን ልጁ ሬጉላ ከዙሪክ መጣች። ጠበቃ ናት፤ የምታነበውም እንደ ጠበቃ ነው። የጻፍኩትን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ አነበበች፤ እዚያ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መምህርት፣ ይህችን ብቻ ይተዉልኝ» አለች። «ሰው አባቴን የሚያስታውሰው በዚያ ቀን ነው።»

የነገረኝም ለዚሁ ነው አልኳት። የታመመ ሽማግሌ የተናገረው ማስረጃ አይሆንም አለች። ይህ ፍርድ ቤት አይደለም፣ አባትሽም ያን ቀን አልታመመም፣ ቡናውን ያለ ስኳር ጠይቆ ጠጥቷል አልኳት። ተከራከርን። የግድቡ ነገር ከተነሳ ጋዜጦቹ ሌላውን ሥራውን ሁሉ ይረሱታል አለችኝ፤ በዚህ ልክ ነበረች፣ ልክ መሆኗንም አልደበቅኳትም።

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩትን ነገርኳት። በርን ውስጥ ያወድሱት የነበረው ስለ ምን ነበር? የሚቃወሙትን ሰዎች ሳይጠራና ሳይሰማ ምንም ስለማይወስን። ለዋሻው ድርድር እንኳ ከሁሉ አስቀድሞ ቤታቸው ከሚፈርስባቸው ገበሬዎች ጋር ሾርባ ጠጥቷል። ሰዎች ይህን የተፈጥሮ ጠባዩ ያደርጉት ነበር። እኔ ግን አስተምሬዋለሁ፤ በልጅነቱ ማንንም የማይጠይቅ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን የሚናገር ልጅ ነበር። መጠየቅን የተማረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አንቀጹን ካወጣነው የቀረው ሥራው ከየት እንደመጣ አይታወቅም አልኳት።

ሬጉላ ኮቷን እየለበሰች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

ቃል ስለገባሁ አነበዋለሁ አልኳት፤ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከበርን የመጡት ጥቁር ኮት ለብሰው ከፊት፣ የእኛዎቹ በለመዱት ቦታ። ከትውልዱ ጀምሬ ዝግ ብዬ አነበብኩ። የሸንጎው ቀን ላይ ስደርስ ሬጉላ ከፊት ረድፍ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ልታስቆመኝ ነው ብዬ ወረቀቱን አጥብቄ ያዝኩ። በጆሮዬ፣ «እኔ ልበለው» አለችኝ። ለቀቅኩላት። ያን አንቀጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች፤ «የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ» የሚለውን ሁለት ጊዜ፤ አንደኛው ላይ ድምጿ ስለተሰበረ። ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ቀሪውን ጨረስኩ።

በቀብሩ ምሳ ላይ መጀመሪያ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይሰማ ነበር። በኋላ ሃይሪ ሽቱሲ፣ ያ የወተት ጋሪ የሚነዳው፣ እንዲህ አለ፤ «እኔ በጥላው በኩል ቆሜ ነበር። እጄን አንስቼ ክንዴ ደንዝዞ ነበር እኮ፤ ለካ ለግንቡ ነው ያነሳሁት።» አንዱ ከወዲያ ማዶ እንግዲህ ፀሐይዋን ክሰሳት፣ ጠበቃዋ እዚሁ ናት አለው። ሰው ወደ ሬጉላ ዞረ። እሷም ፀሐይን ለመክሰስ የጊዜ ገደቡ አልፏል አለች፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሳቀ፣ ወይንም ተቀዳ። ሃይሪ ሲወጣ ግን አልሳቀም። እጇን ይዞ፣ አባትሽ በሕይወት እያለ ቢነግረኝ እሰድበው ነበር፣ በማግስቱም ወተቱን አመጣለት ነበር አላት።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሸንጎው ነበር። በጫካው ስለሚያልፈው መንገድ ካርድ ሲነሳ አዲሷ አስተዳዳሪያችን ቆም አለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ግንቡ አየች፣ አራቱንም ባልደረቦች ወደ መድረኩ ጠራች። የታችኛው መንደር ልጆች ማፏጨት ሲጀምሩ ሃይሪ ዞሮ፣ «ዝም በሉ፤ ትይ» አላቸው። ግምቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ በሸንጎ ቀን የምንበላው ቋሊማም ቤት ቀዘቀዘ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ፍሪድሊ፣ ይህ ሁሉ ያንተን ሣር ከውኃ አያወጣውም። ባልዝን ይቅር በል ብዬም አላዝህም፤ እሱ ያንተ ድርሻ ነው። ነገር ግን ጓደኛዬ ሸጠኝ ብለህ ለያኮብና ለኡርሱላ ነግረሃቸዋል፤ እነሱም ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ያ ስህተት ነውና አርመው። አልሸጠህም። አላየህም፣ አለማየቱንም ለመናገር አፈረ። ይህም ከባድ ነገር ነው፤ ከባድነቱን አትቀንስላቸው፣ ግን እውነቱን ስጣቸው። ካረምከው በኋላ የመለሱልህን ጻፍልኝ።

ለጆይስ ሳሏን በማር እንድታክመው ንገርልኝ። ያኮብን፣ ሚስቱን፣ ትናንሾቹንም ሁለቱን ሳምልኝ። ለኡርሱላ የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ በልኬ መሆኑን ንገራት። ሃይሪ ሰላም ብሎሃል። ሬጉላም ሰላም ብላሃለች፤ ስምህን ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ።

እህትህ ቭሬኒ

ኦበርማት፣ ሜይ 6 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.