አረንጓዴው ቴላዮ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጎማ ነፋሁ። የሳይክሌን ሰንሰለት ዘይት ቀባሁ። ቀሚሴን ሱሪዬ ላይ ጠቀለልኩ። እስከ ት/ቤቱ 11 ኪ.ሜ። ሜዳ ነው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ቁልቁለት ብቻ። ሚኒባስ የሚጠብቅ ይጠብቅ።

ከቀኑ 10 ሰዓት

ሳይክሌ ተሰበረ፣ ደብተሬ! ከኮርቻው ሥር፣ ቁልቁለቱ ላይ። አንተ ታውቃለህ፤ አምና የኋላው ጥርስ ተበልቶ፣ መለዋወጫው ደሴም ጠፍቶ፣ ሰይድ ከጎማው ጋር በየደልኝ። ከዚያ ወዲህ ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ ከዞረ እግሬ ይዞራል። ማረፍ የለም። የማቆመው በእግሬና በአንዲት የፊት ፍሬን ነው። ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ዛሬ ግን የሳይክሉ አጥንት ለሁለት ሲከፈል ፔዳሉ አልቆመም፤ ቁርጭምጭሚቴን ሁለቴ ቀጠቀጠኝ። ጠጠር ላይ በደረቴ ሄድኩ። ተነስቼ በእርግጫ አልኩት። ተማሪዎቼ ሳቁ። እነሱንም ልመታ ምንም አልቀረኝም። አራተኛ ሀ ዛሬ የተማረው ሒሳብ ሳይሆን ጩኸት ነው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሰይድ ጋ ነበርኩ። በያጅ ነው፣ ገበያው ዳር። መካነ ሰላም ውስጥ ሳይክል የሚያምንበት እጅ የእሱ ብቻ ነው። አሮጌውን አገላብጦ አየና ወረወረው። ሁለተኛ ብበይደው ገዳይሽ እኔ ነኝ አለ። አዲስ አጥንት፣ ጎማና መሪ የሚገጠምበት፣ እሱ ቴላዮ የሚለው፣ ያስፈልገኛል። ሁለት አለው።

አንዱ ከደሴ የመጣ ነው፤ ብርማ፣ ቀላል፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። ዓይኔ ገባ። ግን የኋላው ጎማ የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች ነው የተከፈተው። ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ሰንሰለት ማጥበቅ አይቻልም። ለባለ ማርሽ ሳይክል ችግር የለውም፣ ሰንሰለቱን የሚወጥር ሌላ ዕቃ አለው። የእኔ የለውም። ሰንሰለት ላላ ማለት ወለቀ ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ወለቀ ማለት ደግሞ ቀበሩኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቁር፣ የድሮ ብረት፣ ከባድ። የኋላው ቀዳዳ ረጅምና አግድም፤ ጎማውን እንደልቤ እስበዋለሁ። ቁመቱ ለእኔ የተለካ ይመስላል። ከየት አመጣኸው ብለው ከቁራሌው አለና ዓይኑን ወደ ብየዳው መለሰ። ቀለሙ ገና ይሸታል። እኔ ሞኟ ለምን አዲስ ተቀባ ብዬ አልጠየቅሁም። ጥቁሩን ግጠምልኝ አልኩት።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እሰይ! ዛሬ በረርኩ። የወፍጮ ቤቱ ውሻ እንደ ልማዱ ወጣብኝ፤ አፍንጫውን አልኩት፣ እያለቀሰ ተመለሰ። ደግ አደረግሁ።

ሰባተኛው ኪ.ሜ ላይ ሁልጊዜ ምራቄን የምተፋበት ደጅ አለ። የበላቸው ደጅ። አንቱ አልለውም፣ አይገባውም። ልጁ ነው አባቴን በድንበር ጠብ በዱላ የገደለው። ሦስት ዓመት ሆነው። ልጁ እስር ቤት ነው፤ ሽማግሌው ብቻውን ቀርቷል። ዛሬ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሳይክሉን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጄ፣ ፍሬን ስትይዢ ወደ ግራ ይስባል። ቁልቁለቱ ላይ ተጠንቀቂ።"

ልጄ! በጎማዬ ልሄድበት ፈለግሁ። መሪውን ወደ እሱ ማዞር ብቻ ነበር የቀረኝ። ፔዳሉን ረግጬ አለፍኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ወደ ግራ ሳበኝ። ገደሉ አፍ ላይ በእግሬ ታግዬ አቆምኩት። እንዴት አወቀ?

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው። ቀኙ አብጧል።

ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከገጠር ለገበያ መጣ። እርሻውን የያዘው እሱ ነው፤ እኔና እማ ከአባባ ሞት ወዲህ ከተማ ነን። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ሳይክሉን ዞሮ አየው። ከወገቡ ቢላ አወጣና ጥቁሩን ቀለም ፋቀ። ከሥሩ አረንጓዴ።

ያን አረንጓዴ ሳይክል አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በእኛ ቀበሌ ሌላ አልነበረም። የበላቸው ልጅ ነበር የሚነዳው። ልጅ ሆኜ ቀንቼበት አውቃለሁ።

አንተ የከተማ ደብተር ነህ፣ አታውቅ ይሆናል። እርቅ ወርዶ ደም ሳይደርቅ ከደመኛ ቤት የወጣ ነገር ሟች ቤት አይገባም። ውሃ እንኳ። ከገባ ጉማ ነው፤ የደም ካሳውን ተቀብለው በሉ ማለት ነው። ቀለሙ ቢቀየርም ቅርጹን ያወቁ አሉ፤ አያሌው ወሬውን ገበያ ላይ ሰምቶ ነው የመጣው። አባታቸውን በሳይክል ለወጡ እየተባለ።

ምሳሩን ከእንጨቱ ክምር አነሳ። ፊቱ ቆምኩ። ገፈተረኝ። አንደኛው ምት ኮርቻውን ቀደደ። ሁለተኛውን ሳይሰነዝር በጎማ መንፊያው ትከሻውን አልኩት፤ አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። ደገምኩት። በምሳሩ እጀታ እጄን መታኝ፣ በጥፊ ከንፈሬን ተረተረው። ደሜን ዋጥኩ። ወንድሜን ልገድለው ነበር፤ እንዲህ ብዬ መጻፌን አልሰርዘውም።

እማ ከቤት ወጣች። መቀነቷን ፈታችና በመካከላችን መሬት ላይ ዘረጋችው። የእናት መቀነት ተዘርግቶ የሚረግጥ ሰው አላየሁም። አያሌውም አልረገጠም። ከወዲያ ማዶ ቆሞ ጣቱን ወደ ሳይክሉ ቀሰረ።

"እስከሚመጣው ቅዳሜ ድረስ፣ ገበያ መሀል ሰባብሪው። አለዚያ ያን ቀን ጠዋት ገበያተኛው ሲያልፍ በላቸውን ደጁ ላይ እጥለዋለሁ።"

ጠመንጃ አለው። ያደርገዋል።

ኅዳር 10፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሰይድን ልገለብጠው ሄድኩ። መቀመጫ ዱካውን አንስቼ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩት። ያኔ ተናዘዘ። ሳይክሉን ያመጣው በላቸው ራሱ ነው። ባየሁት ቁጥር ልጄ የገደለው ሰው ይታየኛል፣ ሩቅ አገር ላለ ሰው ስጠው ብሎት። ሰይድም እንዳይታወቅ ጥቁር ቀባው። አንቺን ሳይ ቁመቱ ልክሽ ነበር፣ ወላሂ ልቤ እምቢ እያለ አፌ ዝም አለ ይላል። አብሽሪም ይለኛል ደግሞ! ብርማውን አሁኑኑ ግጠም አልኩት። ጥቁሩን ግን ወደ ቤት ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ያልኩት ሆነ። ቁልቁለቱ ላይ ሰንሰለቱ ወለቀና ጎማው ውስጥ ተጠመጠመ። ጎማው ደረቀ፣ እኔ በመሪው ላይ በረርኩ። አንድ ጥርሴ ይነቃነቃል። አገጬ አራት ቦታ ተሰፋ። ነርሷ ባል ነው ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ቴላዮ ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ብርማውን ለሰይድ መለስኩ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ትናንት ቅ/ሚካኤል ነበር። ለማስቀደስ ሄድኩ፤ ሰው አገጬን እያየ መንገድ ለቀቀልኝ። ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ስለ ሳይክሉ የሚያወሩትን ሰማሁ። ዞሬ ልናገር አልኩና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው ብዬ ተውኩት።

ዛሬ መዶሻ አንስቼ ቴላዮው ላይ ቆምኩ። አልመታሁም። አስብ እስቲ ደብተሬ። ብሰብረው ደሙ ክፍት ነው ብዬ በአደባባይ አወጅኩ ማለት ነው፤ ያኔ ሰዉ አያሌውን ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ይለዋል፣ ሊገድል ይሄዳል። ባልሰብረው በላችሁት ይሉናል፣ ይሄዳል። በሁለቱም ሽማግሌው ይሞታል፣ ወንድሜ እስር ቤት ይገባል፣ እማ ሁለተኛ ሐዘን ትቀመጣለች። ከሞተ ይሙት የሚል ድምፅ በውስጤ አለ። ጮክ ብሎ ይናገራል። አያሌውስ?

ይህን ለእማ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"የሟች ሚስት እኔ ነኝ። ጉማውን ተቀብያለሁ በይው አያሌውን።"

አስታራቂ ሽማግሌዎች ሦስቴ ሲመጡ በሩን የዘጋባቸው አያሌው ነው። እሷን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም። አፈርኩ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጥቁሩን ቀለም ስንፍቅ ዋልን፣ እኔ በቢላ፣ እማ በአሸዋና በጨርቅ። አንድም ጥቁር እንዳይቀር አለች። ሰው ሁሉ እያየ በአረንጓዴው ነው የምትሄጂው አለችኝ። ሰይድ መጥቶ ጎማውን ገጠመ፣ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስቦ ወጠረ፣ ወደ ግራ እንዳይስብ ፍሬኑን አስተካከለ። ለድካሙ ሻይ እንኳ አልጠጣም። ኮርቻው ላይ የምሳሩ ስንጥቅ አለ። በክር ሰፋሁት፤ ይቆረቁራል። ይቆርቁር።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ጎማ ነፋሁ። ሰንሰለቱ ጥብቅ ነው። እማ መቀነቷን መሪው ላይ አሰረችልኝ። እሷ ደም የሚያደርቁትን ሽማግሌዎች ይዛ በእግር ትከተለኛለች። አያሌው ከገጠር በኩል፣ እኔ ከከተማ በኩል። እስከ በላቸው ደጅ ሰባት ኪ.ሜ። ቀድሜው እደርሳለሁ፤ እግሬ ካልቆመ ይሄ ብረት አይቆምም።

መቀነቱን የበላቸው ደጅ ላይ እዘረጋዋለሁ። ከመቀነቱ ኋላ እኔ እቆማለሁ፣ ከእኔ ኋላ ያ ሽማግሌ። አልማርኩትም። ልጁንም አልማርኩትም። ደጁ ስደርስ ምራቄ አፌን ይሞላዋል፣ አውቀዋለሁ። ዛሬ እውጠዋለሁ።

እማ ከበር እየጠራችኝ ነው። አያሌው መቀነቱን ከረገጠ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።