መስኮቱን የከፈትኩት ዓርብ ነው

ለውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ሳሉ ለቀቀህ? እዚያ መኝታው ይመቻል? ከሞትክ አምስት ወር ሞላህ፤ እኔ ግን ዛሬም ጤናህን መጠየቅ አልተውኩም። እኛ ደህና ነን። አባዬ መሳቅ ጀምሯል። እማዬም ደህና ናት፤ እኔ በእንቅልፌ ስለምጮህ በአልጋህ ላይ እየተኛች ከርማለች።

የሚያስጮኸኝን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያን ዓርብ ማታ ሞቀኝ ብዬ መስኮታችንን ከፍቼው አደርኩ። ጠዋት አንተ በትኩሳት ነድደህ ተነሳህ፤ ከዚያ ወዲያ አልዳንክም። ወንድሜን ለብርድ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት የሳይንስ መምህራችን ከቤት የምታምኑትን አንድ ነገር አምጡና ማስረጃውን እንመዝነው አሉን። የክፍላችን ልጅ ቀጮ ብድግ ብሎ "የኛ ውሻ ካላላዘነ ሰው አይሞትም" አለ። መምህሩ በሳምንት ስንቴ ያላዝናል ሲሉት "ኧረ ቲቸር፣ በየቀኑ ነው!" አለ። "ታዲያ እናንተ ሰፈር ሰው ተርፏል?" ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ በረድ ሲል፣ አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው አመጣው አይባልም፤ መጀመሪያ ቀኑን አጣሩ አሉ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያን ዓርብ እያሰብኩ ነበር። ቤት ስደርስ አባዬ ወረቀት የሚያጠራቅምበትን ፌስታል ዘረገፍኩት። የክሊኒክ ካርድህ ወጣ። "ሳልና ትኩሳት" ይላል፤ ለሐኪሙ ጀመረኝ ያልክበት ቀንም ተጽፎበታል። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ማክሰኞ! መስኮቱን ከመክፈቴ ሦስት ቀን በፊት! አንተ ተንኮለኛ፣ የቅዳሜው ጨዋታ እንዳያመልጥህ መታመምህን ደብቀኸን ኖሯል።

እማዬ ስስቅም ሳለቅስም ደረሰችብኝ። ስነግራት በማማሰያዋ አናቴን ነካ አድርጋ "አንተ ጅል፣ ይህን ተሸክመህ ነው አምስት ወር የከረምከው?" አለችና አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። ትናንት ደግሞ "በል ጎረምሳው፣ ከእንግዲህ ብቻህን ተኛ" ብላ ትራሷን ይዛ ወጣች።

አባዬ ናፍቀኸኛል ይልሃል። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። ትንሿ እህታችን ኳሱን ወርሼዋለሁ በሉት ብላለች። አንተም እዚያ ያሉትን አያታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ዛሬ ነው። ምን አደረግክ ካልከኝ፣ አረፈድኩ። ሳልጮህ፣ ሳልገላበጥ፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ እስክትወጣ ተኛሁ። የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርገው ለምን እንደዘገየሁ ጠየቁኝ። እንቅልፍ ጥሎኝ ነው አልኳቸው። "ይህንንማ ሁሉም ይላል፤ ማስረጃህስ?" አሉኝ። ጉንጬን አዙሬ የትራሱን ሰምበር አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩት፤ ከት ብለው ሳቁና አስገቡኝ።