ፍሬኑን ያልለቀቀ እጅ

ያን ቀን አባታችን እጃቸውን ከፍሬኑ ላይ ያላነሱት ሰውየውን አውቀውት ነው ወይስ ሳያውቁት? ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ትልቋ ልጃቸው ከሩቅ አገር ትምህርቷ ስትመለስ የዚህን መልስ ይዛ አልመጣችም። የምታውቀው እነሆ።

አባታችን ከብረት ቀጥቃጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ተማሩ፤ ቀጥሎም ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው መካኒክነት ሲያጠኑ በተማሪዎች አድማ ተያዙ። እስር ቤት ውስጥ አንድ መርማሪ ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፋቸው፤ ሁለት የፊት ጥርሳቸውንም በጉጠት ነቀለ። ስለ ሥቃዩ አያወሩም ነበር። ሰውየውን ግን “የጥርስ ሐኪሜ” ይሉት ስለነበር፣ ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን እውነተኛ ሐኪም መስሏቸው ኖሩ።

ከእስር ሲፈቱ፣ ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት፣ ሰው በየክፍሉ ተሳፍሮ እየዞረ ከተማውን ከላይ የሚያይበት ግዙፉ የመመልከቻ መንኮራኩር እየተተከለ ነበርና ብረቱን ቅባት በመቀባት ሥራ ተቀጠሩ። እናታቸው “ልጄ መንኮራኩር ላይ ሥራ ያዘ” ብለው ሲያወሩ፣ ጎረቤቱ ጨረቃ የሚሄዱ መስሎት ሊሰናበታቸው መጣ። በትጋታቸው የፍሬን ኃላፊ ሆኑ። የመንኮራኩሩን ትኬት ሻጭ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን ከፍታ ሲሸጡ ኖረው አንድም ቀን አልተሳፈሩም፤ ባሌን ከላይ ሆኜ አሳንሼ ማየት አልፈልግም ይላሉ።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን ሕዝቡ ያን መርማሪ መንገድ ላይ ለይቶ አሳደደው። ያረጀው መርማሪ ሮጦ ከመንኮራኩሩ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ገባ። አባታችን በሩን ዘጉ፤ ክፍሉን ላይኛው ጫፍ አድርሰውም አቆሙት። ሰዎቹ መብራቱን ቆረጡ። መብራት ከሌለ ክፍሉ በገዛ ክብደቱ ይወርዳልና፣ የእጅ ፍሬኑን ተጭነው ያዙ።

ብረት ቧንቧ የያዘ ጎረምሳ ቀረባቸው። “ጋሼ፣ ካንተ ጋር ጠብ የለንም። አውርድልን።”

“የተሳፈረ ሰው ዙሩን ሳይጨርስ አይወርድም።”

“ትኬት እንኳ አልቆረጠም እኮ!”

“እንግዲያው ሒሳቡ በእኔ።”

ቀኝ ክንዳቸውን በቧንቧው ሰበሩት፤ በግራቸው ያዙ። የግራ ጣቶቻቸውን በድንጋይ ቀጠቀጧቸው፤ በደረታቸው ተኙበት። ጎድናቸው ተሰብሮ ሳንባቸውን ወጋው። ወታደሮች ደርሰው ሕዝቡን ሲበትኑ ከፍሬኑ ያላቀቋቸው በጉልበት ነው። መርማሪው ወረደና ደማቸውን ረግጦ ሄደ፤ የጫማው ዱካ እስከ ትኬት መስኮቱ ድረስ ይታይ ነበር።

ትልቋ ልጃቸው ሆስፒታል ደርሳ አውቀውት እንደነበር ጠየቀቻቸው። “እኔ የማየው በሩ መዘጋቱን ነው፤ ፊት አላይም” አሏት፤ ጥርስ በሌለው በኩል ፈገግ ብለው። እስከ ዛሬ ያላመነችው ያን ፈገግታ ነው።

ሳንባቸው አልሽር ብሎ ወራት ሲሰቃዩ ቆይተው ከትናንት ወዲያ ንጋት ላይ አረፉ። ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም “አውርዱ” የማይልበት ከፍታ ላይ ያሳርፍልን።

ልጃቸው የሰውየውን ስልክ ከዘመዶቹ አግኝታ ትናንት መልእክት ልካለታለች፦ “አባቴ በሩን ሲዘጉ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ ነበር?”

መልእክቱ ተነቧል። መልስ የለም።