በግራው እግር ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ

ውድ አባዬ፣

ሱቁን ከፈትኩት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቆልፌው ነበር፤ ዛሬ ግን የደጃፉን ደረጃ የበሩን መቃን ሳልይዝ ወጣሁት። ያየኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ብል ማንም የለም። አንተ ብትኖር ሠፈሩን በጩኸት ታናውጠው ነበር። የምነግረው ሰው ሲጠፋ፣ ይኸው ላንተው ልጽፍልህ መቁረጫ ጠረጴዛህ ጥግ ተቀምጫለሁ።

ሐኪሟ በሽታዬን ያስረዳችህን ቀን ታስታውሳለህ? መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚለው ስም አልያዝልህ አለ። የነርቮቼ ልባስ እየተላጠ ከአንጎሌ የሚወጣው ትእዛዝ እግሬ ጋ በቅጡ እንደማይደርስ ስትነግርህ ግን ወዲያው ገባህ።

"ገበሩ ነው የተበላው በሉኛ!" አልካት። "ገበር እኮ ይቀየራል።"

ይሄኛው እንደማይቀየር ነገረችህ። ጭንቅላት ላይ የሚደረገው የማግኔት ሕክምናም ነርቭ አይጠግንም፤ ምናልባት የደረቀ እግሬን ለጊዜው ያላላው ይሆናል አለችህ። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል አልሰማህም። ወይም ሰምተህ ዋጥካት።

ማሽኑ ክፍል ልንገባ ስንል ባለሙያው ብረት ያለበት ነገር ሁሉ ውጭ ይቅር አለ። ከኪስህ መቀስ ወጣ፣ ሌላ ትንሽ መቀስ ወጣ፣ የመርፌ ቆርቆሮ ወጣ፣ ከኮትህ ኮሌታ ሥር ስፒል ተለቀመ።

"አባት፣ ሱቅዎን ይዘው ነው እንዴ የመጡት?" አለህ እየሳቀ።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ያለነሱ ስወጣ ሱሪ የረሳሁ ይመስለኛል።"

ሜትርህንም ጫፏ ብረት ናት ብሎ ካንገትህ ሲያወርድብህ ግን እውነትም ከፋህ። ደግሞ ያን ሁሉ ረስተህ "አይዞሽ መርፌዬ" አልከኝ፤ ቅጥነቴን አይተህ በልጅነቴ ባወጣህልኝ ስም።

ባለሙያው የማሽኑን ክብ ማግኔት አናቴ ላይ አስጠግቶ እያንሸራተተ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ፣ ግራ እግሬ በድንገት ከነጫማው ዘለለ። አንተም አብረህ ዘለልክ።

"አነሳች! እግሯን አነሳች!"

"አባት፣ እሷ አይደለችም፤ ማሽኑ ነው። ቦታውን እየፈለግኩ ነው።"

"ማንም ያንሳው! መንገዱ አልተዘጋም ማለት አይደል?"

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደስታህን ማየት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አላመንኩህም። ከታመምኩ ወዲህ የምትሰፋልኝን ሱሪ ሁሉ የግራውን እግር ታሳጥረው ነበር፤ የሚጎተተው እግሬ ጠርዙን እየረገጠ እንዳይጥለኝ። ስጠይቅህ "ጨርቁ ታጥቦ ተሰብስቦ ነው" ትላለህ፤ ያውም ለልብስ ሰፊ ልጅ! አንዴ ተናድጄ "እንደ አንካሳ ነው የለካኸኝ?" ስልህ ካውያህን አነሳህና መተኮስ ጀመርክ። ዝም ስትል፣ በአፉ ተስፋ ያወራል፣ በመቀሱ ግን ያንኑ ተስፋ ቆርጦታል ብዬ ደመደምኩ።

ሕክምናው ሳይጋመስ ልብህ ቆመች። እዚሁ፣ አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ። ከቀብርህ በኋላ ሕክምናውን ልተወው ነበር፤ ባለሙያው ደውሎ "አባትሽ ማሽኑ ክፍል የሚቀመጡበት ወንበር እንዳለ ነው፣ ነይ" አለኝ። ባዶው ወንበር ፊት ለፊት እየተቀመጥኩ ጨረስኩት። አባዬ፣ ተቀይሜህ ነበር። ያን ሁሉ ጮኸህ ጮኸህ መጨረሻውን ሳታይ መሄድህ አንገብግቦኝ ነበር።

እግሬ ላላ። ድኛለሁ ማለቴ አይደለም፤ ድካሙ እንዳለ ነው፣ የግራ እጄ ጣቶችም እንደደነዘዙ ናቸው። የእግሬ ጫፍ ግን መሬት መጫር ተወ። በመጨረሻው ቀን ባለሙያው ቁልቁል አየኝና "ግራው ሱሪሽ አጠረብሽ እኮ" አለኝ። ለካ እግሬን ሳልጎትት ስራመድ ቁርጭምጭሚቴ ይታያል።

ዛሬ የመጣሁት ቀኙንም አሳጥሬ ላስተካክል ነበር። ግራው ከተቆረጠ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ልኩን ልወስድ ብዬ የግራውን ስፌት ተረተርኩት። ጨርቁ ወረደ። እየወረደ ሄዶ ከቀኙ እኩል ሆነና ቆመ።

አልቆረጥከውም። ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርበህ በካውያ ተጭነህ፣ የደነዘዙ ጣቶቼ እንዳያውቁት ለጥ አድርገኸዋል። የድሮው ልክ ላይም በነጭ ክር ምልክት ትተሃል፤ ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስትሰፋ እንደምታደርገው።

ቤት ሄጄ የቀሩትንም አምጥቼ ተረተርኳቸው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ቀብርህ ላይ የለበስኩት ጥቁሩ ሱሪ ሳይቀር። ጠረጴዛህ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያን ቀን ካውያህን ስታነሳ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?

"ለጊዜው" የምትለዋን ቃል እኔ ሰምቻታለሁ፣ አባዬ። እግሬ ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል፤ ያኔ ሕክምናው ይደገም ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል። ጠርዙን እየረገጥኩ የምወድቅበት ቀን ከመጣ፣ ግራውን አንተ እንዳጠፍከው መልሼ አጥፈዋለሁ። ነጩን ክር ግን አልነቅለውም።

ያንተው መርፌ