የላኪው ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቀዝቃዛ ወለል ላይ በባዶ እግርሽ አትሂጂ ብልሽም እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ታናሼስ? አንቺ ጋ ከመጣ ወዲህ ይበላል? ይተኛል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ከሆንክ ለምን ስልክ አታነሳም ትዪኛለሽ፤ ስልኬ ተሰብሮ፣ መንጋጋዬም ታስሮ መናገር ስለቸገረኝ ነው። አትደንግጪ፣ ይድናል ብለዋል። ይህንንም የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነው፤ ፊደሌን ታግሰሽ አንብቢው።

ወሬው በሰው አፍ ተቀባብቶ ሳይደርስሽ እኔው ልንገርሽ። ስልክ ላይ የማስተዳድረውን የገበያችንን ግሩፕ ታውቂዋለሽ፣ "ደሞዝ የሌለው ሹመት" እያልሽ የምትስቂበትን። አቤቱታ ያለው ሰው ለእኛ ለአስተዳዳሪዎቹ በውስጥ መስመር ይልካል፤ እኛ አጣርተን ያለ ላኪው ስም እንለጥፋለን። ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ብዬ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ሱቆቻችን ይሰረቁ ነበር፤ ዕቃ ላመጣ ወጣ ባልኩበት ቀን የገበያው በር ዘበኛ ፎቶ ተላከ። ሱቆቻችንን ለሌባ የሚከፍተው ይሄ ነው ይላል። ዘበኛው የሁሉንም ቦርሳ የሚፈትሽ፣ ለማንም የማያዳላ ደረቅ ሰው ነው። ታናሼንም ሰው ፊት ፈትሾት፣ ልጅሽ ሳምንት ሙሉ ሲብከነከን ነበር። አብሮኝ የሚያስተዳድረው ልብስ ሰፊ ምንም ሳያጣራ ለጠፈው። ምን ነካህ ብዬ ብጮህበት፣ ላኪውን ሳይ ከእናንተ ቤት ውሸት አይወጣም ብዬ ነው አለኝ።

ስመለስ በሩ ጋ ሰው ግጥም ብሏል። በብረት ዘንግ፣ በድንጋይ፣ በእርግጫ። በየቀኑ አብረውኝ የሚስቁ ሰዎች እኮ ናቸው! ሥጋ ሻጩ የወደቀውን ዘበኛ አፍ በጫማው ተረከዝ ይረግጣል። ገብቼ ላዩ ላይ ተኛሁበት፤ ጀርባዬን ቀጠቀጡኝ። አንድ ዓይኑ ግን አልተረፈም። በማግስቱ ሌባው ተያዘ፤ ዘበኛውን ጨርሶ አያውቀውም። ልጥፉን አጥፍቼ ውሸት መሆኑን በራሴ ስም ጻፍኩ። ልብስ ሰፊው ግን ከተማውን ለቆ ጠፋ።

ከዚያ የዘበኛው ወንድሞች ሱቄ መጡ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ማነው የላከው?"

አልናገርም አልኩ። የሱቁን ብረት በር ቀኝ እጄ ላይ ዘጉት። ስልኬን ሊነጥቁኝ ሲሉ ቀድሜ በመዶሻ አደቀቅሁት፤ በዚያው መዶሻ አገጬን አሉኝ። ደንብ ነው ብያቸው ነበር። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ፣ ለደንብ ብሎ እጁን የሚያሰብር ሰው አይደለሁም።

ዘበኛውም የተኛው እኔ የታከምኩበት ሆስፒታል ነው፤ ሄጄ አየሁት። ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ ብድግ ሊልልኝ ሞከረ።

"ታናሽ ወንድምህ ሳይሰናበተኝ ሄደ" አለኝ። "ያን ቀን ሰው ፊት ስለፈተሽኩት ከፍቶት ይሆናል። ይቅርታ በልልኝ።"

በታሰረ አፍ ማልቀስ እንዴት እንደሚያም አልነግርሽም።

እማዬ፣ ታናሼን ወደዚህ እንዳትልኪው፤ ሥራ እዚያው ይፈልግ። ምንም አትጠይቂው፣ አትቆጪውም። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ የዘበኛውን ይቅርታ ብቻ፣ አንድ ቃል ሳትቀንሺ አድርሽልኝ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ሁለታችንንም እኩል የምትወጂበትን ልብ አይንሳሽ።

የበኩር ልጅሽ