ለገንፎ የላክሁልሽ የኦቾሎኒ ዱቄት

ልጄ ታማንዳ፣

ጆሃንስበርግ ያለ ደጅሽን አምላክ ይጠብቅልኝ፤ የልጅሽን የሊምባኒን ዕድሜ ያርዝምልኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርት ከሃያ አንድ ሴቶች አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛዋ ብትክድም።

ባለፈው ወር የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጥተው ከየቤቱ ኦቾሎኒ ለምርመራ ወስደው ነበር። ትናንት ጋዜጣ ላይ ወጣን፤ የእኔማ ፎቶም አለ! ሴቶቹን ማንጎው ሥር ሰብስቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላቸው። ስሜን ሦስቴ ደገምኩት። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ስደርስ ግን ንባቤን አቁሜ ጋዜጣውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

«ምነው ፕሮፌሰር፣ ፊደሉ አለቀብሽ?» አለችኝ ጎረቤታችን ናፊሪ።

አላለቀም ልጄ። ደህና ደህናውን ለገበያ ለይተን ለቤት የምናስቀረው የተጨማደደውና የሻገተው ኦቾሎኒ መርዝ አለበት ይላል። ጉበት ይጎዳል፣ የሕፃን ዕድገት ይገታል ይላል። አራቴ አነበብኩት፤ ቃሉ አልተለወጠም። ናፊሪ ሳቋን ትታ ያዘለችውን ልጇን አውርዳ አቀፈችው።

ለሊምባኒ ገንፎ ብዬ በአውቶቡስ የላክሁልሽን ዱቄት የወቀጥኩት ከዚያው ነው። እናቴም ለእኔ፣ እኔም ለአንቺ እንዲሁ ስናደርግ ኖርን። መምህራችን ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች። እባክሽ፣ አንዲት ማንኪያ ሳታስቀሪ ድፊው፤ ለዶሮም አትስጪ። ልጁንም ሐኪም ይየው። ዘንድሮ ምርጡ ኦቾሎኒ ገበያ አይወጣም፤ የሊምባኒ ነው።

እጄ ያጠፋውን አምላክ ያቅናልኝ፤ እናንተንም በጤና ያኑርልኝ። «ደፋሁት» ብለሽ ጻፊልኝ፤ በዓይኔ ካላነበብኩ አላምንም።

እናትሽ ናባንዳ