ሁለት ደወል በአንድ ጉም

ለውድ ወንድሜ ለአንቶናን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ ክሎቲልድስ እንዴት ናት፣ ያ ሲያሰቃያት የከረመው ወገቧ ተሻላት? ትንሹ ኤሎዋስ ከትምህርት ቤት ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል? አማትህ ወይዘሮ ኦአሮ በዚያ በደሴታችሁ ሙቀት ጤናቸው እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከሚያጉረመርምብኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላሞቹም፣ ቤቱም፣ የሚያፈሰው ጣሪያም እንዳሉ አሉ። ናፍቆትህም እንዳለ ነው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀሎልኝ አያውቅም።

ልጅህ ማይሊስ ደህና ናት። ይህን ቀድሜ የጻፍኩልህ የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። አሁን እንኳ እታች ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ድንች እየላጠች ቢላሽ ደነዘ እያለች ታማርራለች። ሐሙስ በስልክ "ትንሽ ጉም ይዟት ነበር፣ አሁን ግን ገብታለች" ያልኩህ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ድምፅህን እየሰማሁ ሙሉውን ማውጣት አቃተኝ።

ልጅህ አባቴ የተወለደበትን ተራራ በእግሬ ካላቋረጥኩ ብላ ከለ ፑይ ከተማ ተነስታ ስምንት ቀን ስትጓዝ መክረሟን ታውቃለህ። ሐሙስ እኔ ዘንድ ነበር የምታድረው። ጠዋት ሰማዩ ጥሩ ነበር። ስድስት ሰዓት አካባቢ ጉሙ ከሰሜን መጥቶ ተራራውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው፤ በሬ ላይ ቆሜ የራሴን አጥር ማየት አልቻልኩም። ሰባት ሰዓት ላይ ከሊል ከተማ የመጡ ባልና ሚስት መንገደኞች ብርድ እያንዘፈዘፋቸው ገቡ። "ከእኛ ጋር አንዲት ቢጫ ካፖርት የለበሰች ልጅ ነበረች" አሉኝ። "መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ጓንቴ ወደቀብኝ ብላ ተመለሰች። እናንተ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ ነው ያለችን።" አልደረሰችባቸውም።

ተነስቼ ጉም ውስጥ ለጠፋ ሰው ወደምንደውለው ደወል ሮጥኩ። ሮጥኩ ስልህ ይህ ጉልበት በሚሮጠው ልክ ነው። ገመዱን ሁለቴ እንደሳብኩ ከሸለቆው ማዶ የሴርፎን መንደር ደወል መልስ ሰጠኝ። ታላቅ ወንድማችን ፉልክራን ነበር።

እዚህ ላይ አንተ የማታውቀው ነገር አለ። እናታችን በነበረችበት ጊዜ ሥርዓቱ ምን እንደነበር ታስታውሳለህ፤ የጠፋው ሰው በእኛ በኩል ከሆነ የእኛ ቪላሬል ትደውላለች፣ ሴርፎን ዝም ትላለች። በእነሱ በኩል ከሆነ ደግሞ እኛ ዝም እንላለን። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደወሉ ጉም ውስጥ ያለ ሰው መሃል ላይ ሲሽከረከር ይመሽበታል። እኔና ፉልክራን ግን ይህን ሥርዓት ካፈረስን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። የእግር ተጓዦቹን መንገድ ምልክት የሚቀቡት ሰዎች ቀይና ነጩን መስመር በሴርፎን በኩል ማሳለፉን ትተው በእኔ ግድግዳ ላይ ቀብተው ሲሄዱ ተጣላን። እሱ ለእንግዳ ብሎ ስድስት አልጋ አሰናድቶ ነበር። "መንገደኞቼን ሰረቅሽኝ" አለኝ። "ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ እንዴ?" ስለው፣ "ቀቢዎቹን በወይንና በቋሊማ ያጠገብሽው ግን አንቺ ነሽ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር አጥግቤአቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጉም በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እንደውላለን። ማን ቀድሞ ይደክማል ነው ነገሩ። የሰፈሩ ሰው ይስቅብን ነበር፤ እኛም ማንም ስላልጠፋ ጨዋታ አደረግነው።

ሐሙስ ግን የጠፋችው ልጅህ ነበረች። የሊሉ ሰውዬ የነፍስ አድን ሠራተኞች ጋ ደወለ፤ በዚህ ጉም ሄሊኮፕተር አይነሳም፣ በእግር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል አሉት። ለሚስቲቱ የፉልክራንን የቤት ስልክ ቁጥር ሰጥቻት ስድስት ጊዜ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። እሱ ደወሉ ስር ቆሞ የቤቱን ስልክ በምን ጆሮው ይሰማል?

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ከመስቀሉ ድንጋይ ተነስቶ ምልክቱን ሳያይ የእኔን ደወል ይዞ ቀጥ ብሎ የመጣ ሰው ረግረጉ ውስጥ ይገባል። አንተ በሰባት ዓመትህ እስከ ወገብህ የሰጠምክበት ማለቴ ነው። ወደ ሴርፎን ግን እስከ ታች ድረስ ሣር ነው፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ይወርደዋል። አንቶናን፣ ይህን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አውቅ ነበር። እያወቅሁ አርባ ደቂቃ ደወልኩ።

ለምን ብትለኝ፣ የአንተ ልጅ የፉልክራንን ደጅ ረግጣ እንድትገባ አልፈለግሁም። አልጋዋን አንጥፌ፣ ድንቹን ከአይብ ጋር አሰናድቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ስቆጥር ከርሜ እሱ ይቀበላት? በልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው፤ ሳሳምረው ብውል ሌላ አይሆንም። በጆሮዬ ደግሞ የእሱን ደወል እየሰማሁ እልህ ይዞኝ አጠንክሬ እስበው ነበር።

ያስቆመኝ የራሴ ህሊና ቢሆን ደስ ባለኝ። የሊሉ ሰውዬ ነው። ገመዱን ላግዝዎት ብሎ መጣና እንዲያው ለማወቅ ያህል "በየት በኩል ብትመጣ ነው የሚሻላት?" አለኝ። እጄ ቀድሞኝ ወደ ሴርፎን አመለከተ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝና "ታዲያ እኛ ለምንድነው የምንደውለው?" አለኝ።

ገመዱን ለቀቅሁት።

ሚስቲቱ ከቤት እየሮጠች መጣች። "እንዴት ያቆማሉ? ልጅቷ እኮ እዚያ ናት!" ብላ ጮኸችብኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እጆቼ ተመልሰው ገመዱን እንዳይዙ ከጭኔ ስር አደረግኋቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የፉልክራንን ደወል ብቻ ስሰማ ቆየሁ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ዓመት ትከሻው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል ሲሉ ሰምቻለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ ጸለይኩ፤ ክንዱን አበርታለት አልኩ። አንድ ጊዜ ምቱ ሲዘገይብኝ ደከመ ብዬ ተነሳሁ፣ ደግሞ ቀጠለ። በመጨረሻ ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ ሦስት ጊዜ በዝግታ መታው። ሰው ገባ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ አለቀስኩ፣ አልደብቅህም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጉሙ ሳሳ፤ ፉልክራን ማይሊስን በትራክተሩ ይዟት መጣ። የእሱን ካልሲና ሹራብ ለብሳለች። እሱ ደጅ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ እያዞረ "ደወልሽ ምን ሆነ? ገመዱ ተበጠሰ?" አለኝ። አዎ ብዬው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅልኝ ነበር። "አልተበጠሰም፣ እኔ ነኝ የለቀቅኩት" አልኩት። ቆቡን ማዞሩን ተወ። ከዚያ "እኔ ብሆን አልለቅም ነበር" አለ። ገብቶ ተቀመጠ፣ ድንቹን ሁለቴ አስጨመረ፤ ጨው በዝቶበታል ማለቱን ግን አልተወም። ሲወጣ ደወሉ ስር ይዞት የሚቆመውን የኪስ ስልኩን ቁጥር በራሱ እጅ በሬ ላይ ጻፈልኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ማይሊስ እሳቱ አጠገብ እግሯን እያሞቀች አወራችኝ። "አክስቴ፣ ሁለት ደወል ነበር የምሰማው። ወደ አንዱ ስሄድ ሌላው ከኋላዬ ይጠራኛል። አንዱን ይዤ ስሄድ ውሃ ውስጥ ገባሁ፣ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እዚያው እያለሁ እሱ ደወል ዝም አለ። ተስፋ የቆረጡብኝ መስሎኝ በጣም አለቀስኩ። በኋላ ግን የቀረኝ አንድ ብቻ ስለሆነ እግሬን አውጥቼ እሱን ይዤ ሄድኩ" አለችኝ። ቀጥላም አቅፋ ሳመችኝና "ባልና ሚስቱ ያቆምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ባታቆሚ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር" አለችኝ። አርባውን ደቂቃ ማንም አልነገራትም። እኔም መሳሟን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ በተያየን ቁጥር ፈገግ ስትልልኝ ላሞቹን ልይ ብዬ እወጣለሁ።

ወደ ውሃው የጠራኋት እኔ ነኝ፣ አንቶናን። ብትቆጣኝ እውነት አለህ። ብትፈልግ ስድብም ጻፍልኝ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ።

ክሎቲልድን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ኦዲል ለወገብሽ ስትይ ከባድ ነገር አታንሺ ብላለች በላት። ኤሎዋን አክስትህ ለአዲሷ ጥጃዋ ስም እንድታወጣላት ትጠብቃለች በለው። ለወይዘሮ ኦአሮ የላኩላቸውን የቤት አይብ ማይሊስ ይዛዋለች፣ ሳይቀልጥ ይብሉት። ፉልክራን ደግሞ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "ለአንቶናን ሰላም በይልኝ" ብሎኛል፤ ቃሉን ሳልቀንስ ይኸው።

ደብዳቤውን የምታመጣልህ ልጅህ ናት። ፊቷን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ፖስታውን ሳላሽገው ሰጥቻታለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ከፈለገች ታነበዋለች።

የምትወድህ እህትህ ኦዲል

ቪላሬል፣ ሞን ሎዜር
እሑድ ኦክቶበር 27 ቀን 2019